ሙያ ተምሮ ቤት ላለመቀመጥ፦ ከሠፈር ጥየቃ እስከ መጀመሪያው ክፍያ

ሰው የሚወድቀው ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ሙያ ሲመርጥ ነው፤ ጓደኛው የተመዘገበበት ሄዶ ይመዘገባል። ሁለተኛው ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ላይ ነው፤ ደብተር ሸምድዶ ይገባና ፒንሳ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው ከምስክር ወረቀቱ በኋላ ነው፤ ወረቀቱን ላሚኔት አስደርጎ ስልክ ሲጠብቅ ዓመት ያልፈዋል።

ምሳሌዬ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። የማውቀው እሱን ስለሆነ ነው። ስፌት፣ ቧንቧ፣ ብየዳ ወይም ምግብ ዝግጅት የምትፈልጉ ዕቃውን እየቀየራችሁ አንብቡት። ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት፦ ወረቀትና ብር

መጀመሪያ ስማችሁን አስተካክሉ። የቀልድ ነገር አይደለም። በመታወቂያው «ኃይሌ»፣ በትምህርት ማስረጃው «ሃይሌ»፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ ሌላ ፊደል ሆኖ ስንት ሰው ለምዘና ሊመዘገብ ሄዶ ተመልሷል። ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የልደት ዘመን፤ አንድ በአንድ አስተያዩ። የማይገጥም ካለ አሁኑኑ ወደ ወረዳ ወይም ወደተማራችሁበት ትምህርት ቤት ሂዱ። ለምዘና አንድ ሳምንት ሲቀር ይህን ማስተካከል አይቻልም።

ፋይዳ ከሌላችሁ ተመዝገቡ፤ ምዝገባው በነፃ ነው። የሁሉንም ማስረጃ ኮፒ ሦስት ሦስት አድርጉ። ስልካችሁ ላይም ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

ቀጥሎ ሂሳብ። ሥልጠናው ነፃ ቢሆን እንኳ መንገዱ ነፃ አይደለም። ደርሶ መልስ በቀን 60 ብር ቢሆን፣ በወር 22 ቀን 1,320 ብር ነው። አራት ወር ከሆነ 5,280 ብር። ምሳ አልተጨመረበትም። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ትምህርቱ ከብዶት አይደለም፤ ሦስተኛው ወር ላይ የታክሲ ስታልቅበት ነው። ስለዚህ የራሳችሁን ቁጥር አስገብታችሁ አስሉ። ካልሞላ ሁለት መንገድ አለ። በእግር የሚደረስ ተቋም ፈልጉ፤ ወይም የማታ አልያም የቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም ያዙና ቀን እየሠራችሁ ተማሩ። «እግዜር ያውቃል» ብላችሁ ግን አትጀምሩ።

እርምጃ 1፦ የሚከፍለውን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ

ሁሉም የሚዘልለው ይህንን ነው። ለዚህ ነው የማረዝመው።

ከመመዝገባችሁ በፊት በሠፈራችሁና በአቅራቢያው አሥር ቦታ ሂዱ። ለኤሌክትሪክ ከሆነ ሦስት ግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ፣ ሦስት የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ፣ ሁለት ጥገና የሚሠሩ ሙያተኞች፣ አንድ ሆቴል፣ አንድ ፋብሪካ ወይም ትምህርት ቤት። ለስፌት ከሆነ ጋርመንት ፋብሪካና የሠፈር ልብስ ሰፊዎች።

ሰዓት ምረጡ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፎርማን ሰው ይደለድላል፤ ማንም አያናግራችሁም። ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ ይሻላል። ሰላምታ ስጡና በአጭሩ ተናገሩ፦ «ጋሼ፣ ሥራ ልለምን አይደለም የመጣሁት። ይህን ሙያ ልማር አስቤ ነው፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ ልጠይቅዎት።» ሥራ እንደማትለምኑ ሲያውቅ ትከሻው ይረግባል።

ሦስቱ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

1. ሠራተኛ ሲፈልጉ ከየት ነው የሚያገኙት?
2. አዲስ ሰው መጥቶ በመጀመሪያው ሳምንት የሚባረረው ምን ሲያቅተው ነው?
3. ጀማሪ ስንት ይከፈለዋል? ከዓመት በኋላስ?

ሁለተኛው ወርቅ ነው። መልሱን ቃል በቃል ጻፉት። «ፕላን ማንበብ አይችልም» ካሉ፣ ሥልጠናው ላይ ፕላን ማንበብን አጥብቃችሁ መያዝ አለባችሁ ማለት ነው። «ያረፍዳል» ካሉ ደግሞ መፍትሔውን ማንም ኮሌጅ አያስተምራችሁም፤ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ዕቃ መሸጫ ያለውን ሰው አትናቁት። የትኛው ኤሌክትሪሺያን በሳምንት ሦስት ጊዜ ሽቦ እንደሚገዛ፣ የትኛው ደግሞ ከጠፋ ወር እንደሆነው የሚያውቀው እሱ ነው። የቤት ባለቤቶችም «ጥሩ ሠራተኛ ታውቃለህ ወይ?» ብለው የሚጠይቁት እሱን ነው።

ካላናገሯችሁስ? አምፖል ወይም ሶኬት ግዙና እየከፈላችሁ ጠይቁ። ገበያ ካለበት ሰው ፊት ግን አትቁሙ፤ ተመልሳችሁ ኑ። ከአሥሩ ስድስቱ ከመለሱላችሁ በቂ ነው።

ውሳኔው ቀላል ነው። ከአሥሩ ቢያንስ አራቱ «ሰው አጥተናል» ወይም «ጥሩ ሰው አይገኝም» ካሉ ተመዝገቡ። ሁሉም «ሞልቷል» ካሉ ሙያ ቀይሩና አሥሩን ቦታ እንደገና ዙሩ። አንድ ሳምንት ይፈጅባችኋል። ያልተፈለገ ሙያ መማር ግን ዓመት ይፈጃል።

እርምጃ 2፦ ተቋሙን አገላብጣችሁ እዩ

የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለመግባት ከፈለጋችሁ የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ይወጣልና ማስታወቂያውን ተከታተሉ። አጫጭር ሥልጠናዎችም ስላሉ መደበኛው ካመለጣችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሄዳችሁ ሬጅስትራር ጠይቁ።

የግል ከሆነ ዓይን ግለጡ። የዕውቅና ፈቃዱን አሳዩኝ በሉ። ፈቃዱ የሚሰጠው ለተወሰነ ሙያና ለተወሰነ ደረጃ ነው። ለደረጃ 2 ፈቃድ ኖሮት ደረጃ 4 አስተምራለሁ የሚል ካጋጠማችሁ ውጡ። ፈቃዱ ላይ ያለውን አድራሻም እዩ፤ እናንተ የምትማሩበት ግቢ መሆን አለበት።

ከዚያ ወርክሾፑን ለማየት ጠይቁ። ቢሮውን ሳይሆን ወርክሾፑን። አንድ ብየዳ ማሽን ለስንት ሰው ነው? ስፌት ማሽኖቹ ክር አላቸው ወይስ አቧራ? ዕቃው አዲስ ሆኖ ፕላስቲኩ ካልተቀደደ ማንም አይነካውም ማለት ነው።

በር ላይ ቆማችሁ የሚወጡ ሠልጣኞችን አናግሩ። ለሥራ ልምምድ የት እንደተላኩ ጠይቁ። በትብብር ሥልጠናው አሠራር 70 በመቶው ድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶው ተቋሙ ውስጥ መሆን አለበት። «ደብዳቤ ሰጥተውን ራሳችሁ ፈልጉ አሉን» ካሏችሁ፣ ድርጅት የመፈለጉ ሥራ የእናንተ እንደሚሆን ከወዲሁ እወቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ሲኦሲውን እኛ እንጨርስላችኋለን» የሚል ተቋም ካለ አትግቡ። የሚመዝነው ከአሠልጣኙ የተለየ አካል ነው። የሚጨርሱላችሁ ነገር የለም፤ ወይ ይዋሻሉ፣ ወይ ወንጀል ውስጥ ሊያስገቧችሁ ነው። የዓመት ክፍያም አንድ ጊዜ አትክፈሉ። በወር ወይም በተርም ክፈሉ፤ ደረሰኝ ሳትይዙ ከካሸሯ መስኮት አትነሱ።

እርምጃ 3፦ ሥልጠናው ላይ እጃችሁን አፍታቱ

በመጀመሪያው ሳምንት አሠልጣኛችሁን የሙያ ደረጃውን ሰነድ ጠይቁ። ብዙዎች ኦኤስ ይሉታል። ሙያው በብቃት አሃዶች ተከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ምን መሥራት እንዳለባችሁ ተዘርዝሯል። ምዘናው የሚወጣው ከዚህ ነው። ሠልጣኞች ምዘናው ሊደርስ ሲል ነው የሚፈልጉት፤ ጉድ ነው።

ከሰነዱ ላይ ሥራዎቹን አንድ በአንድ ደብተር ላይ ገልብጡ። ከእያንዳንዱ ጎን ሦስት ሳጥን ሥሩ፦ «አየሁ»፣ «ከሰው ጋር ሠራሁ»፣ «ብቻዬን ሠራሁ»። በየሳምንቱ አርብ ምልክት አድርጉ። «አየሁ» ላይ የቀረ ሥራ አልተማራችሁትም። ሦስተኛው ሳጥን እስኪሞላ አሠልጣኙን ወትውቱት።

የሠራችሁትን ሁሉ ፎቶ አንሱ፤ ከመጀመራችሁ በፊት፣ መሃል ላይ፣ ሲያልቅ። በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ድርጅት ስትመደቡ የሚያጋጥመው የታወቀ ነው፤ ሻይ ማመላለስ፣ ቱቦ መሸከም፣ «ቆይ አንተ» መባል። የመጀመሪያውን ሳምንት ቻሉት፤ ዕቃ እየሸከማችሁ የዕቃውን ስም ልቀሙ። ስካቶላ የትኛው ነው? 1.5 ሽቦና 2.5 ሽቦ በምን ይለያሉ? ለመብራት የቱ፣ ለሶኬት የቱ? በሁለተኛው ሳምንት አንድ የተወሰነ ሥራ ለምኑ። «ልሥራ» አትበሉ፤ ሰፊ ነው። «የዚህችን ክፍል ማብሪያ ማጥፊያ እኔ ላስገባ፣ እርስዎ ይዩኝ» በሉ። ትንሽና የሚታይ ሥራ ሲሆን እምቢ ለማለት ይከብዳል። ሁለት ሳምንት አልፎ መሣሪያ ካልነካችሁ ግን አስተባባሪውን ቦታ ቀይሩልኝ በሉት። ዝም ብላችሁ ሦስት ወር ሻይ አታመላልሱ።

አንድ የደኅንነት ልማድ ከአሁኑ ይግባባችሁ። ብሬከር አጥፉ። ሌላ ሰው እንዳያበራው ምልክት ስቀሉ ወይም ቆልፉት። ቴስተሩን መጀመሪያ ኃይል ባለበት ቦታ ሞክሩት፤ መሥራቱን እዩ። ከዚያ የምትሠሩበትን መስመር ፈትሹ። ከዚያ ቴስተሩን እንደገና ኃይል ባለበት ሞክሩት። የሞተ ቴስተር «ኃይል የለም» ይላል፤ ሰው የሚሞተው እሱን ሲያምን ነው።

እርምጃ 4፦ ሲኦሲ

እኔ መጀመሪያ ስመዘን «ገና ብቁ አልሆነም» ተብዬ ነው የተመለስኩት። ጽሑፉን በሚገባ ሠርቼ ተግባሩ ላይ ወደቅሁ። ጥፋቴ የእውቀት አልነበረም፤ አምፖሉ በርቷል። ያልቆረጥኩት ፌዙን፣ ኃይል ይዞ የሚመጣውን ሽቦ ነበር። ማብሪያ ማጥፊያውን ኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) ላይ አስገብቼው፣ አምፖሉ ጠፍቶ መያዣው ላይ ኃይል ቀርቷል። መዛኙ ቴስተር አስጠግቶ ሲያሳየኝ መሬት ብትከፈት ብዬ ተመኘሁ።

ምዘናው ሁለት ክፍል አለው፤ የጽሑፍና የተግባር። ኮሌጅ ሳትገቡ በሥራ ላይ ሙያውን የተማራችሁም መመዘን ትችላላችሁ። ለእናንተ ከአሠሪ የልምድ ደብዳቤ አስቀድማችሁ አጽፉ፤ ማህተም ያለው፣ ምን ትሠሩ እንደነበር የሚዘረዝር። «ሠርቷል» ብቻ የሚል ደብዳቤ አይረባም።

ሦስት ሳምንት ሲቀር፦

ሳምንት አንድ። ደብተራችሁን አውጡ። «ብቻዬን ሠራሁ» ያልተሞላባቸውን ብቻ ሥሩ። የምትችሉትን መደጋገም ደስ ይላል፤ ግን ጊዜ ማባከን ነው።

ሳምንት ሁለት። በሰዓት ሥሩ። ጓደኛችሁ ሥዕል ይስጣችሁ፤ ለምሳሌ ሁለት አምፖል፣ አንድ ሶኬት፣ አንዱ አምፖል ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ። ስልክ ላይ ሰዓት ሙሉ። ሳንቃ ላይ ገጥሙት። ሲያልቅ ጓደኛችሁ መዛኝ ይሁን፤ «ይህን ለምን እዚህ አደረግህ?» ብሎ ይጠይቃችሁ። ጮክ ብላችሁ መልሱ። እጁ የሚሠራ አፉ ግን የሚተሳሰር ብዙ ሰው አለ።

ሳምንት ሦስት። ጠዋት ተግባር፣ ማታ ጽሑፍ። ከምዘናው በፊት ባለው ቀን ምንም አዲስ ነገር አትጀምሩ። ቦታውን ሄዳችሁ እዩ፤ መታወቂያ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ እስክሪብቶ፣ የሥራ ልብስና ጫማ አዘጋጁ። ከራሳችሁ ይዛችሁ የምትመጡት መሣሪያ ካለ ስትመዘገቡ ጠይቁ።

ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ፦

1. መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቡ። በመጀመሪያው ንባብ ፒንሳ አታንሱ።
2. የተሰጣችሁን ዕቃ ቁጠሩ፤ ቴስተሩንና ብሬከሩን ሞክሩ። የተበላሸ ካለ ከመጀመራችሁ በፊት ለመዛኙ ተናገሩ። መሃል ላይ «ዕቃው ነው» ማለት ሰበብ ይመስላል።
3. የደኅንነት ዕቃችሁን ልበሱ፤ ኃይል መጥፋቱን በቴስተር አሳዩ።
4. ሥዕሉን በራሳችሁ ወረቀት ላይ ገልብጡ፤ ፌዙ የት እንደሚሄድ በጣት ተከተሉ።
5. ገጥሙ። እያንዳንዱን ማሰሪያ ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹ።
6. ኃይል ሳትለቁ ፈትሹ። ከዚያ «ልለቅ ነው» ብላችሁ መዛኙን አስፈቅዱ።
7. አጽዱ። የሽቦ ቁርጥራጭ ወለል ላይ ትታችሁ አትውጡ፤ ማጽዳትም ሥራው ውስጥ አለ።

ሰዓት እያለቀ ከሆነ አታዋክቡት። ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ ነው። ያልጨረሳችሁትን ክፍል አስተማማኝ አድርጋችሁ ዝጉት፤ የቀረውን ለመዛኙ አስረዱ። ባዶ ሽቦ ተንጠልጥሎ ከሚገኝ ያልተጠናቀቀ ግን ንጹሕ ሥራ ይሻላል።

ብቁ ካልተባላችሁስ? አትከራከሩ። የትኛው የብቃት አሃድ ላይ እንደወደቃችሁ ጠይቁና ጻፉ። «ወደቅሁ» ብቻ ብላችሁ ቤት ከሄዳችሁ ሁሉንም እንደገና ልታጠኑ ነው። አሃዱን ካወቃችሁ ግን የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ዳግም ምዘና መቼ እንደሚሰጥም ሳትጠይቁ ከግቢው አትውጡ።

ደላላ በር ላይ ይጠብቃችኋል። «ወረቀቱን እኔ አመጣልሃለሁ» ይላል። የምስክር ወረቀት ትክክለኛነቱ ይጣራል፤ አሠሪውም እንዲጣራ ይልከዋል፤ ለውጭ አገር ሥራ ሲሆን ደግሞ የበለጠ። ሐሰተኛ ሰነድ ወንጀል ነው። ብሩም አይመለስም።

እርምጃ 5፦ ወረቀቱን ሳይሆን ሥራችሁን ይዛችሁ ውጡ

አንድ ገጽ አዘጋጁ። ስም፣ ስልክ፣ ሙያና ደረጃ፣ መሥራት የምትችሏቸው አምስት ነገሮች፣ ሥራችሁን ያዩ የሁለት ሰዎች ስልክ (አስፈቅዳችሁ)። «ታታሪና ታማኝ ነኝ» የሚለውን አውጡት፤ ሁሉም ይጽፈዋል። በስልካችሁ ስድስት ፎቶ ለይታችሁ አስቀምጡ።

መሣሪያ፦ ፒንሳ፣ ሁለት ዓይነት ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ ሜትር፣ መቁረጫ። ጀማሪ የራሱን መሣሪያ ይዞ ሲመጣ ፎርማኑ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ወረዳችሁ ላይ ሥራ ፈላጊ ሆናችሁ ተመዝገቡ። ቴሌግራም ላይ የሥራ ቻናሎችን ተከታተሉ። ዋናው ግን እርምጃ 1 ላይ ያናገራችኋቸው ሰዎች ጋር መመለሳችሁ ነው። «ጋሼ፣ ያኔ ፕላን አያነቡም ብለውኝ ነበር። ይኸው ተምሬ መጣሁ» በሉ። በእኛ አገር ሥራ ሰው በሰው ነው ይባላል፤ እውነት ነው። እናንተም ሰዉን ከመማራችሁ በፊት ይዛችሁት ነበር።

ለአገር ውስጥ ቅጥር «የመመዝገቢያ 500 ብር ላክ» የሚል ቻናል ወይም ቢሮ ካለ አትላኩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይችልም።

እርምጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት

በዚሁ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፤ በጽሑፍም መደረግ አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ «አልሆነም» ከተባላችሁ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብታችሁ ይችላል። ስለዚህ እነዚህን ቀናት እንደ ሁለተኛ ምዘና ቁጠሯቸው። ከሰዓቱ 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። ያልገባችሁን በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፤ በሃያኛው ቀን ጥያቄው ያሳፍራል። ዕቃ ካበላሻችሁ ራሳችሁ ተናገሩ።

ውል በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ በትህትና ጠይቁ፤ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ መግለጫ የመስጠት ግዴታ አለበት። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የቀን የትርፍ ሰዓት ክፍያ የመደበኛው አንድ ተኩል ነው። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ ትንሽ ደብተር ላይ ጻፉ። ክፍያ ከቀረባችሁና ወደ ወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ መሄድ ካስፈለገ፣ ያቺ ደብተር ከእናንተ እንባ በላይ ትናገራለች።

ቅጥር ካልተገኘ፦ ከሙያተኛ ሥር ግቡ

ሁለት ወር ሞክራችሁ ካልሆነ ወደ ዕቃ መሸጫው ተመለሱ። ሥራ የበዛበትን ኤሌክትሪሺያን አስተዋውቁኝ በሉ፤ በቀን ሂሳብ ረዳት ሁኑ። ብድር ወስዳችሁ ሱቅ አትክፈቱ፤ ራሳችሁ ተስማምታችሁ ቢያንስ ሦስት ሥራ ጨርሳችሁ ሳይከፈላችሁ የብድር ወሬ አታንሱ።

የመጀመሪያውን የራሳችሁን ሥራ ስትይዙ የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ አትቀላቅሉ። የዕቃውን ዝርዝር ጻፉለት፣ ባለቤቱ ራሱ ይግዛ፤ አብራችሁት ሂዱ። ጀማሪ የሚከስረው የሽቦ ዋጋ በማግስቱ ሲጨምርበት ነው። የእጅ ዋጋውን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ አንድ ሦስተኛ ቀብድ፣ አንድ ሦስተኛ ሽቦው ተስቦ ሲያልቅ፣ የቀረው ሲፈተሽ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ዘመድ ቢሆንም። የፍተሻው ቀን ባለቤቱን ጥሩት። ቴስተሩን እናንተ ያዙ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን እሱ በራሱ እጅ እየተጫነ ክፍል በክፍል ይዙር። የመጨረሻዋ አምፖል ስትበራ የክፍያውን ወረቀት አውጡ።